አንድ ዝርያ ወይስ ሁለት? በወንዝና በሐይቅ ኤሊዎች ጥገኛ ትሎች ላይ የሚታየው የመልክና የዘረመል ልዩነት

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የወንዝና የሐይቅ ኤሊዎች ጥገኛ ትሎችን እያጠናሁ ነው። ነገሩ ካሰብኩት በላይ ስለተወሳሰበብኝ ሐሳባችሁን ልለምን መጣሁ።

ችግሮቼ ሁለት ናቸው፤ ያደናገረኝም ተቃራኒ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ከሁለት የኤሊ ዝርያዎች አንጀት የሰበሰብኳቸው ቴሎርኪስ የተባሉት ጠፍጣፋ ትሎች ናቸው። ከአንደኛው ኤሊ የወጡት ከሌላው ከወጡት በርዝመት ወደ እጥፍ ይጠጋሉ። የእንቁላል ዕጢያቸውም ቦታ አንድ አይደለም፤ ከጠቅላላው ርዝመት አንጻር ሲሰላ በትልልቆቹ ላይ ወደ ፊት የተጠጋ ይመስላል። ኮክስ-1 የተባለውን የማይቶኮንድሪያ ጂን ሳስነብብ ግን ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ከሽንት ፊኛ የወጡት ባለ ስድስት መጣበቂያ ትሎች፣ ማለትም ፖሊስቶሞች ናቸው። እነዚህን ደግሞ በማይክሮስኮፕ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ጂናቸው ግን በሰፊው ይለያያል።

አማካሪዬ «መልኩን እመኚ» ይሉኛል። የዘረመል ቤተ ሙከራው ባለሙያ ደግሞ «ጂኑ ያለው ይበቃል» ይላል። ማንን ልስማ? እኅታችሁ ነኝ፤ ሳትሰለቹ መልሱልኝ።

ቤዝ ቆጣሪ

እኅቴ፣ መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል። የጂኑ ልዩነት ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በታች ከሆነ አንድ ዝርያ ነው፣ በላይ ከሆነ ሁለት። መልክ ያታልላል፤ ትሉ ተኮማትሮም ሆነ ተዘርግቶ የቤዞቹ፣ ማለትም የዘረመሉ ፊደላት፣ ቅደም ተከተል ያው ነው። ቴሎርኪሶቹ አንድ ናቸው፣ ፖሊስቶሞቹ ሁለት ናቸው፣ አለቀ።

መንጠቆ

ምኑ ነው ያለቀው? ገና አልተጀመረም።

ይህ «2 ወይም 3 በመቶ» የሚባል ነገር በየመድረኩ እንደ ሕገ መንግሥት ሲጠቀስ እሰማለሁ። በኮክስ-1 ቁራጭ ዝርያን የመለየት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲቀርብ ዋና ምሳሌዎቹ የእሳት እራቶች ነበሩ፤ በዓመቱ ወፎች ተጨመሩ። ለእሳት እራትና ለወፍ የሠራው ቁጥር ለጠፍጣፋ ትል ይሠራል ያለ ማን ነው? ማይቶኮንድሪያቸው የሚለወጥበት ፍጥነት ሌላ፣ የትውልዳቸው ርዝመት ሌላ፣ የሚራቡበትም መንገድ ሌላ ነው። ከዚያው ሐሳብ ጋር የመጣውን ሌላ መመዘኛ እንኳ ብታስታውስ ጥሩ ነበር፤ በዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት በዝርያው ውስጥ ካለው አማካይ ልዩነት አሥር እጥፍ ይሁን የሚለውን። ይህኛው ቢያንስ «በውስጡ ያለውን መጀመሪያ እወቅ» ብሎ ያስገድድሃል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ትሎቹ እንዴት ሞቱ የሚል ነው። ቀልድ አይደለም። በሕይወት ያለ ጠፍጣፋ ትል በቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ ሲጣል ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ ይሸበሸባል። ሊፈላ በተቃረበ ጨዋማ ውሃ ሲገደል ግን ተዘርግቶ ይቀራል። ኤሊው ከሞተ በኋላ ሰዓታት ቆይቶ የተገኘ ትል ደግሞ ላልቶና ረዝሞ ይገኛል። በመስታወት ክዳን ተጭኖ የቀለመ ትል በወርድ ይሰፋል። አንድ ትል በእነዚህ አራት መንገዶች አራት መጠን ሊሰጥሽ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ እዚህ ላይ የተቸኮለውን በኋላ የትኛውም ስሌት አያቃናውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የለካሽው ምንድን ነው የሚል ነው። ርዝመት፣ ወርድ፣ የዕጢ ስፋት፣ እነዚህ ሁሉ የለስላሳ አካል ልኬቶች ናቸው። በፖሊስቶሞች ላይ ግን የማይዋሽ ነገር አለ። እጯ ከእንቁላል ስትወጣ በኋላ መያዣዋ ዙሪያ 16 ጥቃቅን መንጠቆዎች ይዛ ነው የምትወጣው። ትሏ አድጋ ስድስቱን መጣበቂያዎች ካወጣች በኋላም እነዚያ መንጠቆዎች እዚያው ይቀራሉ፤ አያድጉም፣ አያንሱም። ስለዚህ የሕፃኗንም የአዋቂዋንም መንጠቆ በአንድ ሚዛን መለካት ይቻላል። «አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል» ስትዪ መንጠቆዎቹን በዘይት ሌንስ አይተሻቸዋል ወይስ ሰውነቱን ብቻ ነው ያየሽው?

ሐይቅ ዳር

አመሰግናለሁ። ትሎቹ ሁሉ በአንድ መንገድ፣ በሕይወት እያሉ በሞቀ ጨዋማ ውሃ ነው የተገደሉት፤ ቀለሙም የክዳኑም ክብደት አንድ ነው። ስለዚህ የቴሎርኪሶቹ ልዩነት ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። የፖሊስቶሞቹን ጥቃቅን መንጠቆዎች ለይቼ አልለካሁም፤ ትልልቆቹን መንጠቆዎችና የብልት እሾሆቹን ብቻ ነው የቆጠርኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቆቹ ቴሎርኪሶች የወጡት ጥቂት ትል ብቻ ከነበረው ኤሊ ነው። ትንንሾቹ የወጡበት ኤሊ አንጀቱ ሞልቶ ነበር።

ቀንድ አውጣ

የመጨረሻዋን አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ የግማሾቻችን ጣት ያርፍ ነበር።

መጨናነቅ ትልን ያሳንሳል። ይህ በኮሶ ትሎች ላይ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአይጥ ሙከራ በደንብ የታየ ነው፤ ትሎቹ በበዙ ቁጥር እያንዳንዱ ትል ያንሳል፣ እንቁላሉም ይቀንሳል። አንድ አንጀት ውስጥ ያለው ቦታና ምግብ ይከፋፈላል፣ ትሎቹም በሚያወጧቸው ንጥረ ነገሮች እርስ በርሳቸው ዕድገታቸውን ይገታሉ። በጠፍጣፋ ትሎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ስለዚህ «የኤሊው ዝርያ ለወጠው» ከማለትሽ በፊት «ብዛቱ ለወጠው» የሚለውን አስወግጂ።

የዕጢው ቦታም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። የዚህ ዓይነት ትል ሲያድግ ሁሉም ክፍሉ እኩል አያድግም፤ ከሆድ መጣበቂያው በስተኋላ ያለው አካል ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ይረዝማል። ስለዚህ የትልቅ ትል የውስጥ አካላት ከጠቅላላው ርዝመት ጋር ሲነጻጸሩ የያዙት ቦታ ከትንሹ ትል ይለያል፤ ከፊት ያለ ዕጢ ኋላው ሲረዝም በመቶኛ ወደ ፊት የሄደ ይመስላል። ለውጡ የዕድሜና የመጠን እንጂ የዝርያ አይደለም። ቴሎርኪስ በዚህ ምክንያት ብዙ ስም የተጫነበት ወገን፣ ማለትም የቅርብ ዝርያዎች ስብስብ፣ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን በመሰሉ ልኬቶች ላይ ተመሥርተው የዝርያ ስሞች በብዛት ወጡለት፤ በኋላ የመጡት መርማሪዎች ብዙዎቹን ወደ ጥቂት ስሞች ሰበሰቧቸው። ጂን ማንበብ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው ይህ የሆነው፤ በማይክሮስኮፕና በትዕግሥት ብቻ።

እኔ ግን ልናገር የፈለግሁት ሌላ ነው። ሁላችሁም ሐይቅን ከሐይቅ፣ ኤሊን ከኤሊ ታነጻጽራላችሁ። አንድ ኤሊ ውስጥ ያሉት ትሎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይለያያሉ? ይህ ሳይታወቅ የቀረው ሁሉ ውሃ አያነሳም። ከኤሊ ወደ ኤሊ ያየሽው ልዩነት በአንዱ ኤሊ ውስጥ ካለው የማይበልጥ ከሆነ የምትሰይሚው ዝርያ የለም፣ የምትጽፊው የዝርያ ገለጻም የለም።

በኤሊ የደም ትሎች ላይ ደግሞ አስገራሚ ዕድል አለ። ከአንድ እንቁላል የወጣች እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብታ ያለ ግብረ ሥጋ ትራባለች፤ ከእሷ የሚወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ዋናተኛ እጮች ሁሉ የዘረመል ቅጂዎች ናቸው። የደም ትሎቹ እጮች የኤሊውን ቆዳ በስተው በቀጥታ ስለሚገቡ፣ በአንዲት ቀንድ አውጣ አጠገብ የቆየ ኤሊ ብዙ ቅጂ ትሎችን ሊይዝ ይችላል። በኤሊው ደም ሥር ውስጥ ሁለት ቅጂዎች አግኝተሽ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ቢሆን ልዩነቱ ከዘረመል አይደለም፤ ከቦታው፣ ከዕድሜው፣ ከጎረቤቶቹ ነው። ተፈጥሮ በነጻ የሠራችልሽ ሙከራ ነው። ቅጂ መሆናቸውን ለማወቅ ግን ኮክስ-1 አይበቃም፤ ከኒውክሊየሱ ብዙ ምልክቶች ማንበብ ያስፈልጋል።

በቴሎርኪስ ላይ ዕድሉ ይቀንሳል፤ እጮቹ መጀመሪያ መካከለኛ አስተናጋጅ፣ ማለትም ለጊዜው የሚያድሩበት ሌላ እንስሳ፣ ውስጥ ስለሚደበቁ፣ ኤሊውም እነዚያን ከየቦታው ለቃቅሞ ስለሚበላ ቅጂዎቹ ይደባለቃሉ።

አንባቢ ብቻ

የእናንተን ያህል አልገባኝም፤ ክሩን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ሁለት ተራ ጥያቄዎች ልጠይቅ። እነዚህ ትሎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ? ኤሊውንስ ይጎዱታል?

የእንስሳት ሐኪም

እዚህ የተነሱት፣ ቴሎርኪስም ሆነ ፖሊስቶም፣ በሰው ውስጥ አይኖሩም። ከኤሊ ወደ ሰው በመሸጋገር የታወቀው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ትንንሽ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው በእሱ ምክንያት ነው። ጥሬ የኤሊ ሥጋ መብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለስላሳ ቅርፊት ካላቸው ኤሊዎች ጥሬ ሥጋ በትሪኪኔላ ትል የታመሙ ሰዎች አሉ።

ኤሊውን በተመለከተ አብዛኛው ትል ብዙ ሳያስቸግረው አብሮት ይኖራል። የደም ትሎቹ ናቸው የሚያሳስቡኝ። እንቁላላቸው በደም ተወስዶ በየአካሉ ይቀበራል፣ በዙሪያውም እብጠት ይፈጥራል። ይህ ስለ ብልሃርዝያ ለሰማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብልሃርዝያ ትሎችና የኤሊ የደም ትሎች የሥጋ ዘመዶች ናቸውና። በ2004 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የብልሃርዝያ ወገን ከኤሊዎቹ የደም ትሎች የዘር ሐረግ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ልዩነታቸው የኤሊዎቹ ፍናፍንት ሲሆኑ የብልሃርዝያ ትሎች ወንድና ሴት ተለይተው መኖራቸው ነው።

ፖሊስቶሞችን ካነሳችሁ ደግሞ፣ አንዳንዶቹ የሚኖሩት በኤሊው የዓይን ቆብ ሥር ነው። ቆቡን በለስላሳ መሣሪያ ስትገልጡት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ነገር ከዓይኑ ጋር ተለጥፎ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ያላወቀ ሰው የእንባ ጠብታ መስሎት ያልፈዋል። ከአጥቢ እንስሳት መካከል እንዲህ ያለ ትል የሚያስተናግደው ጉማሬ ብቻ ነው፤ እሱም በዓይኑ። ለምን ጉማሬ ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ መልስ ግን አትጠብቁ።

ስሌት ወዳድ

ቀንድ አውጣ ያለውን በቁጥር ቋንቋ ልድገመው፤ በየጽሑፉ የማየው ስሕተት ስለሆነ።

ከአንድ ኤሊ አርባ ትል ብታወጪ አርባ ነጻ ማስረጃ የለሽም። አንድ አንጀት፣ አንድ ምግብ፣ አንድ የመጨናነቅ ደረጃ ተካፍለዋል፤ ምናልባትም እኅትማማች ናቸው። ሁለት ኤሊ ካለሽ ናሙናሽ ሁለት ነው። የትሎቹን ቁጥር በቀጥታ ወደ ስሌት ስታስገቢ ኮምፒውተሩ ደስ የሚል ውጤት ይሰጥሻል፤ ምንም ማለት አይደለም እንጂ። ኤሊውን እንደ ቡድን የሚቆጥር ሞዴል ተጠቀሚ፣ በየኤሊው የተገኘውን የትል ብዛትም እንደ ተለዋዋጭ አስገቢው።

በተጨማሪም ልኬቶቹን በጥሬው አታነጻጽሪ። የአካል ክፍሉን ከትሉ ጠቅላላ መጠን ጋር አያይዘሽ ሥሪ፤ ሁለቱም ቡድኖች በአንድ የዕድገት መስመር ላይ የሚወድቁ ከሆነ ትንንሾቹ ያላደጉ ወይም የተጨናነቁ ትልልቆች ናቸው። ሁለት የተለያዩ መስመሮች ከወጡ ያኔ ነው መጠርጠር።

ቤዝ ቆጣሪ

መንጠቆ የነካካኝን ያህል ስለ ፖሊስቶሞቹ አንዳንድ ነገር ልበል፤ እዚያ ላይ ጂኑ ከመልኩ የቀደመ መሆኑን ማንም አይክደኝም።

ለብዙ ዓመታት የኤሊ ፖሊስቶሞች ወገን የሚለየው በትልልቅ መንጠቆዎቻቸው ጥንድ ቁጥር ነበር። ሁለት ጥንድ ካለው ፖሊስቶሞይደስ፣ አንድ ጥንድ ካለው ፖሊስቶሞይዴላ፣ ምንም ከሌለው ኒዮፖሊስቶማ። ቀላልና ንጹሕ አከፋፈል ነው። ጂን ሲነበብ ግን ትልልቅ መንጠቆ የሌላቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጆች አለመሆናቸው ታወቀ። በ2020 በዓይን ቆብ ሥር የሚኖሩት ከኒዮፖሊስቶማ ወጥተው በሦስት አዳዲስ ወገኖች ተመደቡ፤ ፎርኒክስትሬማ፣ አውሲትሬማና አፓሎኒዮትሬማ ይባላሉ። «የለውም» የሚለው መለያ ደካማ መለያ ነው፤ አንድን ነገር ማጣት በተለያየ ጊዜ በተለያየ ቤት ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ከዚህም ይበልጣል። የሚሲሲፒ ተፋሰስ ተወላጅ የሆነው ባለ ቀይ ጆሮ ኤሊ ለቤት እንስሳነት በሚሊዮኖች ተሽጦ ዓለምን አዳርሷል። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ማስገባቱን ከለከለ፤ እስከዚያ ግን ብዙዎቹ ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ ተለቀው ነበር። በ2011 ኦሊቪየ ቬርኖ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአንድ ግቢ አብረው በሚጠበቁ የተለያዩ አገር ኤሊዎች መካከል ፖሊስቶሞች ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገራቸውን በኮክስ-1 አሳዩ። በ2015 ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይና በስፔን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ በሚኖረው በአገሬው ኤሊ ላይ የአሜሪካ ፖሊስቶሞች ተገኙ። በመልክ ብቻ ብትሄዱ ኖሮ እነዚህን ትሎች የአገሬው ትል ብላችሁ ትመዘግቧቸው ነበር። መካከለኛ አስተናጋጅ አያስፈልጋቸውም፤ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ እጯ በሰውነቷ ላይ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች እየዋኘች ቀጣዩን ኤሊ ትፈልጋለች። መሸጋገሩ የቀለለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኅቴ፣ የአንቺ ሁለቱ ፖሊስቶሞች «አንድ የሚመስሉ ሁለት» ከሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ?» መሆን የለበትም። «ከየት መጣ?» ነው መሆን ያለበት።

መንጠቆ

ይህኛውን ጽሑፍህን ወደድኩት። መቶኛ ሳትጠራ ስትጽፍ ያምርብሃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፤ መንገዱ የሁለት ወገን ነው። በደቡብ ምዕራብ ስፔን የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት የአገሬው ኤሊዎች ድቡልቡል ትሎች ወደ መጤው ባለ ቀይ ጆሮ ኤሊ ገብተዋል። ሰርፒኔማ የተባለው ትል በውሃ ውስጥ በሚዋኙ ጥቃቅን ቅርፊታም እንስሳት ሆድ ያድጋል፤ ኤሊው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የበላውን ይይዛል። በአዲስ አስተናጋጅ ውስጥ ያደገ ትል ደግሞ መጠኑ ይለወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው በመጤው ኤሊ ውስጥ ያገኘውን «አዲስ» ብሎ ይጽፋል።

ጥቁር ውሃ

የአስተናጋጁ ማንነትም ይጣራ። በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የሚኖረው ፔሎሜዱሳ የተባለው ኤሊ ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ሲባል ኖሮ በ2014 ወደ አሥር ዝርያዎች ተከፍሏል። ከዚያ በፊት «በአንድ ኤሊ ዝርያ ውስጥ የሚኖር በጣም ተለዋዋጭ ትል» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ እንደገና መታየት አለበት። የትሉን ጂን ስታስነብቡ የኤሊውንም ጠብታ ደም ያዙ።

ቀንድ አውጣ

ጥቁር ውሃ ያለው ትክክል ነው። የኤሊው እግርም ይታሰብ። በ2004 በሳልሞን ዓሣ ጥገኛ ትሎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ዑደታቸውን ሙሉ በሙሉ በውሃ ውስጥ የሚጨርሱት ትሎች ከወንዝ ወንዝ በዘረመል የተለያዩ ሆነው ሲገኙ፣ በየብስ እንስሳ የሚጓጓዙት ግን ተቀላቅለው ተገኙ። ኤሊ በሁለቱ መካከል ያለ ፍጡር ነው፤ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ለእንቁላልም ለአዲስ ኩሬም ብሎ በየብስ ይራመዳል። በጣም የሚንቀሳቀስ የኤሊ ዝርያ ትሎች በሐይቆች መካከል ብዙም እንዳይለያዩ፣ ከአንድ ኩሬ የማይወጣ ኤሊ ትሎች ደግሞ በሰፊው እንዲለያዩ ትጠብቂያለሽ። የሐይቅ ዳር ሁለት ኤሊዎች የእግር ልማዳቸው አንድ ነው?

ሐይቅ ዳር

አይደለም። አንደኛው ከውሃ ብዙም አይርቅም፤ ሌላው ዝናብ ሲጥል በየሜዳው ይታያል።

የተባለውን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። ቀጥሎ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቴሎርኪሶቹን በየኤሊው ለይቼ መጀመሪያ በውስጥ ያለውን ልዩነት እለካለሁ፣ ከዚያ ከመጠን ጋር አያይዤ አነጻጽራለሁ። ለፖሊስቶሞቹ ጥቃቅኖቹን መንጠቆዎች እለካለሁ፣ ከኒውክሊየስም አንድ ጂን እጨምራለሁ። ቤዝ ቆጣሪ፣ የትኛውን ትመክረኛለህ? ደግሞ ከኮክስ-1 ንባቦቼ ሁለቱ ወደ ፕሮቲን ስተረጉማቸው መሐል ላይ የማቆሚያ ምልክት ያሳያሉ፤ መጣል አለብኝ?

ቤዝ ቆጣሪ

28ኤስ የተባለው የኒውክሊየስ ጂን ለወገን ደረጃ ጥሩ ነው፤ ለቅርብ ዝርያዎች ግን ብዙም አይለወጥም። ከዚያው ከኒውክሊየስ አይቲኤስ የተባለው ክፍል ይሻልሻል። ማይቶኮንድሪያው ከኒውክሊየሱ ጋር ካልተስማማ ያኔ ቆም በዪ፤ ማይቶኮንድሪያ የራሱ የውርስ ታሪክ አለው፤ ዝርያዎች በአንድ ወቅት ተዳቅለው ከሆነም የአንዱ ማይቶኮንድሪያ በሌላው ውስጥ ይቀራል።

ንባቦቹን ከመጣልሽ በፊት የተረጎምሽበትን ሰንጠረዥ እዪ። የጠፍጣፋ ትሎች ማይቶኮንድሪያ የራሱ ኮድ አለው፤ በተለመደው ሰንጠረዥ ማቆሚያ የሆነው ቲጂኤ የተባለ ባለ ሦስት ፊደል ምልክት በእነሱ ዘንድ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፣ ኤኤኤ ደግሞ ላይሲን ሳይሆን አስፓራጂን ነው። ለድቡልቡል ትሎች የሚያገለግለው ሰንጠረዥ ሌላ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ፋይል አታደባልቂ። በትክክለኛው ሰንጠረዥም ማቆሚያው ከታየ ግን የንባብ ስሕተት ነው፣ ወይም ወደ ኒውክሊየሱ የተሰደደ የሞተ ቅጂ ነው ያነበብሽው፤ ያኔ ጣዪው።

አንባቢ ብቻ

በመልክ ሁለት፣ በዘር ግን ፍጹም አንድ የሆነ ትል በእርግጥ አለ? ወይስ ንድፈ ሐሳብ ነው?

መንጠቆ

አለ፤ ከኤሊ ሳይሆን ከእንቁራሪት ነው ግን የፖሊስቶሞች ቤተሰብ ነው። በአውሮፓ እንቁራሪቶች የሚኖረው ፖሊስቶማ እጭ ገና ለጋ በሆነ የእንቁራሪት ጨቅላ ስንጥብ ላይ ካረፈች እዚያው በሳምንታት ውስጥ አዋቂ ትሆናለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ጨቅላው ወደ እንቁራሪት ሲለወጥ ትሞታለች። ያው እጭ ከፍ ባለ ጨቅላ ላይ ካረፈች ግን ቀስ ብላ አድጋ ወደ ሽንት ፊኛ ትሻገራለች፣ ለአካለ መጠን የምትደርሰውም ከዓመታት በኋላ ነው። የሁለቱ አካል፣ የዕጢያቸው ብዛትና ቅርጽ ሳይቀር ይለያያል። ታሪካቸውን የማያውቅ ሰው በሁለት ስም ቢጠራቸው አልፈርድበትም።

የተገላቢጦሹም አለ። በሰሜን አሜሪካ ኤሊዎች አንጀት የሚገኙት ኒዮኤኪኖርሂንከስ የተባሉ እሾህ ራስ ትሎች ብዙ ዝርያ ሆነው በአንድ ኤሊ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሴቶቹን በጅራታቸው ቅርጽና በእንቁላላቸው ትለያቸዋለህ። ወንዶቹን ግን በመልክ የሚለይ ሰው አላየሁም። በዚያ ላይ ቤዝ ቆጣሪን አመሰግናለሁ፤ ሴቷ ስሙን ትሰጣለች፣ ጂኑ ደግሞ ወንዱን ከእሷ ጋር ያገናኘዋል።

ሐይቅ ዳር

የመጨረሻ ጥያቄ። ያስነበብኩት ትል ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ስለጠፋ ጂኑ እንጂ አካሉ የለኝም። ከእንግዲህ ለሚመጡት ከአንዱ ትል ሁለቱንም ለማግኘት ከየት ልቁረጥ?

መንጠቆ

ይህ ከሁሉ የተሻለ ጥያቄሽ ነው፤ ጂንባንክ በተባለው የጂን ንባቦች ማከማቻ ውስጥ አካል የሌላቸው ስሞች ሞልተዋል፣ ማን እንደሰየማቸው እንጂ ምን እንደነበሩ ማረጋገጥ አይቻልም።

መጀመሪያ በሞቀ ጨዋማ ውሃ ግደያቸው፣ ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ጠንካራ ኢታኖል። ፎርማሊን ለጂን የሚሆነውን አይንካ። ከመቁረጥሽ በፊት ሙሉውን ትል ከመለኪያው ጋር ፎቶ አንሺ።

ለቴሎርኪስ ከሁለቱ ቆለጦች በስተኋላ ያለችውን ጫፍ ብቻ ውሰጂ፤ ለመለያ የሚሆነው ሁሉ ከዚያ በፊት ነው። ፖሊስቶምን ከኋላ አትቁረጪ፤ መንጠቆዎቹ እዚያ ናቸው። ከፊትም አትቁረጪ፤ የብልት እሾሆቹ ከጉሮሮው ሥር ናቸው። ከወገቡ በአንድ በኩል ካለው ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ይበቃሻል። ሴት እሾህ ራስ ካጋጠመሽ ራሷንና ጅራቷን ተዪ፣ ከመሐል ውሰጂ። ቁራጩና ቀሪው አካል አንድ ቁጥር ይያዙ፤ ቁጥሩም በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፣ ቀለም በኢታኖል ይለቃልና።